ጉበቱ ይመለስ ይሆን? ድንገተኛ የጉበት ሥራ ማቆም በሕፃናት ላይና የውጤት ትንበያ ችግር

ጉበት ከውስጥ ብልቶቻችን ሁሉ ትልቁ ነው። በስተቀኝ በጎድን አጥንቶች ሥር ተቀምጦ ከአንጀት የሚመጣውን ደም ይቀበላል፤ ስኳር ያከማቻል፤ መርዛማ ንጥረ ነገሮችን ጉዳት ወደማያደርሱ ውሕዶች ይለውጣል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል። ተመራማሪዎችን ከሁሉ ይበልጥ ሲያስደንቅ የኖረው ግን ራሱን መልሶ የማሳደግ ችሎታው ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ሂጊንስና አንደርሰን የተባሉ ሳይንቲስቶች ከአይጥ ጉበት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ቆርጠው ካወጡ በኋላ የቀረው ክፍል በአጭር ጊዜ ውስጥ አድጎ ወደ ቀድሞው ክብደቱ እንደሚጠጋ አሳይተዋል። ልብም ኩላሊትም እንዲህ ያለ ችሎታ የላቸውም።

ለሐኪሙ ትልቁን ችግር የሚፈጥርበትም ይኸው መልካም ችሎታ ነው። እስከ ትናንት ጤነኛ የነበረ ሕፃን ጉበቱ በድንገት ሥራ ቢያቆም ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ሕፃኑን እየደገፉ ጉበቱ እስኪያገግም መጠበቅ ነው። ሌላው ጉበቱን አውጥቶ የሌላ ሰው ጉበት መትከል ነው። ሊያገግም የነበረን ጉበት አውጥቶ መጣል ሕፃኑን ለከባድ ቀዶ ሕክምናና ዕድሜውን በሙሉ ለሚወስዳቸው መድኃኒቶች ይዳርገዋል። የማያገግምን ጉበት መጠበቅ ደግሞ ሕፃኑን ይገድለዋል። ጉበት ጨርሶ የማይታደስ ብልት ቢሆን ኖሮ ውሳኔው ከባድ ቢሆንም ግልጽ በሆነ ነበር። የሚታደስ በመሆኑ ግን ሐኪሙ በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ የወደፊቱን መተንበይ ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ትንበያ በምን ላይ እንደሚመሠረትና ለምን እንዲህ አስቸጋሪ እንደሆነ እንመለከታለን።

የበሽታው ምንነት

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ማንንም በማያስደነግጥ ሁኔታ ነው። ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ይታያሉ፤ ቀጥሎም በተለምዶ «የወፍ በሽታ» የሚባለው የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆን ይመጣል። በቫይረስ ምክንያት ጉበታቸው የተቆጣ አብዛኞቹ ሕፃናት ከዚህ ደረጃ ሳያልፉ ይድናሉ። ጥቂቶቹ ግን ሕመማቸው እየከፋ ሄዶ ደማቸው መርጋት ያቅተዋል፤ ከዚያም እንቅልፋቸው ይዛባል፣ ይነጫነጫሉ፣ በመጨረሻም ራሳቸውን ይስታሉ።

እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካን፣ የካናዳንና የእንግሊዝን ሆስፒታሎች አስተባብሮ የተነሣ አንድ የጥናት ቡድን ለዚህ ሁኔታ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን መለያ አወጣ። በመለያው መሠረት ሕፃኑ ከዚህ ቀደም የታወቀ የቆየ የጉበት በሽታ ሊኖርበት አይገባም፤ የደም ምርመራው ጉበቱ በቅርቡ መጎዳቱን ማሳየት አለበት፤ የደሙ መርጋት ደግሞ ቫይታሚን ኬ ተሰጥቶትም የማይስተካከል መሆን አለበት። የመርጋት መለኪያው አይ.ኤን.አር. የሚባለው ሲሆን የአንጎል መታወክ ካለ 1.5፣ ከሌለ ደግሞ 2.0 መድረስ ይኖርበታል። በአዋቂዎች ዘንድ የአንጎል መታወክ የግድ ነው። በሕፃናት ላይ እንደ ግዴታ ያልተወሰደው አንድ የስድስት ወር ሕፃን ግራ መጋባቱን በምን እናውቃለን ከሚል ተግባራዊ ምክንያት ነው። ሁልጊዜ የሚያለቅስ ሕፃን ታምሞ ነው ወይስ ርቦት?

መንስኤዎቹ እንደ ዕድሜ ይለያያሉ። በአራስ ሕፃናት ላይ ከእናት የሚተላለፍ የሄርፐስ ቫይረስ፣ እንደ ጋላክቶሴሚያ ያሉ የተፈጥሮ የኢንዛይም ጉድለቶችና የእናቲቱ ፀረ እንግዳ አካላት የፅንሱን ጉበት በማጥቃታቸው የሚመጣ በሽታ በብዛት ይጠቀሳሉ። ከፍ ባሉት ላይ የሄፓታይተስ ቫይረሶች፣ ከመጠን በላይ የተወሰደ ፓራሲታሞል፣ ሌሎች መድኃኒቶች፣ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በገዛ ጉበቱ ላይ መነሣቱ፣ እንዲሁም በሰውነት ውስጥ መዳብ የሚያከማቸው የዊልሰን በሽታ ይገኛሉ። የቦታም ልዩነት አለ። አርጀንቲና ውስጥ ቀዳሚው መንስኤ ሄፓታይተስ ኤ ነበር፤ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓመት ለሞላቸው ሕፃናት ሁሉ ክትባቱን መስጠት ከጀመረች በኋላ ግን ይህ መንስኤ ከሆስፒታሎቿ መዝገብ ጠፋ ማለት ይቻላል። ኢትዮጵያን በመሰሉ አገሮች አብዛኛው ሕፃን ከዚህ ቫይረስ ጋር የሚገናኘው ገና በለጋ ዕድሜው ነው። በዚያ ዕድሜ ደግሞ በሽታው ብዙውን ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል።

ስለሆነም «ድንገተኛ የጉበት ሥራ ማቆም» የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ብዙ በሽታዎች የሚገናኙበት የመጨረሻ ደረጃ ነው። አንባቢው ይህን ነጥብ እንዲይዝ እንጠይቃለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መለኪያዎቹ የሚናገሩት

ጉበት ሲጎዳ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ፤ በውስጣቸው የነበሩ ኢንዛይሞችም ወደ ደም ይፈስሳሉ። ኤ.ኤል.ቲ. እና ኤ.ኤስ.ቲ. የሚባሉት እነዚህ ኢንዛይሞች ከጤነኛው መጠን በብዙ መቶ እጥፍ ሊጨምሩ ይችላሉ። ለጀማሪ ተማሪ ከፍተኛ ቁጥር ክፉ፣ ዝቅተኛ ቁጥር ደግሞ ጥሩ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ኢንዛይሙ የሚነግረን ስንት ሕዋስ እየሞተ እንዳለ እንጂ ስንት ሕዋስ እንደቀረ አይደለም። የኢንዛይሙ መጠን በፍጥነት ሲወርድ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ወይ ጉዳቱ ቆሟል፣ ወይም የሚሞት ሕዋስ አልቋል። የሚቃጠል ቤት ጭስ የሚቀንሰው እሳቱ ሲጠፋ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ አመድ ሲሆንም ይቀንሳል።

ሁለቱን ለመለየት ጉበቱ ምን እየሠራ እንደሆነ መጠየቅ አለብን። አልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ጉበት ስለሆነ የአልቡሚንን መጠን መለካት ተገቢ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አልቡሚን በደም ውስጥ ያለው ግማሽ ዕድሜ ወደ 20 ቀን ይጠጋል። ጉበቱ ዛሬ ጠዋት ሥራ ቢያቆም የአልቡሚኑ መጠን ለብዙ ቀናት ያን ያህል አይለወጥም፤ የሚነግረን ያለፈውን ነው። የደም አርጊ ፕሮቲኖች ግን ዕድሜያቸው አጭር ነው። ፋክተር ሰባት የተባለው ፕሮቲን ግማሽ ዕድሜው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው። ፋብሪካው ከቆመ እጥረቱ በዚያው ቀን ይታያል። ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካው አይ.ኤን.አር. ከሁሉ ይበልጥ የሚታመነው በዚህ ምክንያት ነው።

አይ.ኤን.አር. የታማሚው ደም የሚረጋበት ጊዜ ለጤነኛ ሰው ደም የመርጊያ ጊዜ ተካፍሎ፣ እንደ ቤተ ሙከራው ኬሚካል ዓይነት ተስተካክሎ የሚገኝ ቁጥር ነው። ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ይኖረዋል። ማስተካከያው መጀመሪያ የተዘጋጀው ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ ሰዎች እንጂ ለጉበት ሕሙማን አልነበረም። በዚህም የተነሣ የአንድ ሕፃን ደም በሁለት ቤተ ሙከራዎች ቢመረመር የተለያየ ቁጥር ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛም ጥንቃቄ አለ። ቫይታሚን ኬ ከሌለ ጤነኛ ጉበትም ቢሆን አንዳንዶቹን አርጊ ፕሮቲኖች በሚገባ መሥራት አይችልም፤ በመለያው ላይ «ቫይታሚን ኬ ተሰጥቶትም» የሚለው ሐረግ የገባው ለዚህ ነው። ሦስተኛው ጥንቃቄ ከሁሉ ይበልጥ አስተማሪ ነው። የሌላ ሰው ፕላዝማ ለሕፃኑ ቢሰጥ ቁጥሩ ወዲያው ይሻሻላል፤ ጉበቱ ግን አልተሻለም። መድማት ከሌለ ወይም ቀዶ ሕክምና ካልቀረበ በስተቀር ብዙ ሐኪሞች ፕላዝማ ከመስጠት የሚቆጠቡት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የሚመሩበትን ብቸኛ ምልክት በገዛ እጃቸው እንዳያጠፉት ይሠጋሉ።

ቢሊሩቢን የሚያሳየን ጉበቱ ቆሻሻን የማስወገድ አቅሙን ነው። አሞኒያም እንዲሁ፤ ከዚያም በላይ አሞኒያ ራሱ አጥፊ ነው። ጉበት ወደ ዩሪያ ሳይለውጠው የቀረ አሞኒያ ወደ አንጎል ገብቶ የአንጎል ሕዋሳት ውኃ እንዲስቡና እንዲያብጡ ያደርጋል። የራስ ቅል ደግሞ አይለጠጥም። በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሕፃናት ብዙዎቹን የሚገድለው የአንጎል እብጠት፣ የቁስል መመረዝና የሌሎች ብልቶች ተከታትሎ መድከም እንጂ የጉበቱ ጉዳት ብቻውን አይደለም።

የለንደኑ መመዘኛና የ100 ሕፃናት ስሌት

እ.ኤ.አ. በ1989 በለንደን የኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ሐኪሞች የ588 ሕሙማንን መዝገብ መርምረው እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀውን መመዘኛ አወጡ። ሕመሙ ከፓራሲታሞል ካልመጣ መመዘኛው አምስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ የታማሚው ዕድሜ ከ10 ዓመት በታች ወይም ከ40 በላይ መሆኑን፣ መንስኤው ምን እንደሆነ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በኋላ አንጎሉ እስኪታወክ ከ7 ቀን በላይ መቆየቱን፣ የደሙን የመርጊያ ጊዜና የቢሊሩቢኑን መጠን። ከአምስቱ ሦስቱ ከተሟሉ፣ ወይም የደሙ መርጊያ ጊዜ ብቻውን ከ100 ሴኮንድ ካለፈ፣ ታማሚው ያለ ንቅለ ተከላ የመዳን ተስፋው ጠባብ ነው ይባላል።

መመዘኛው ለአዋቂዎች ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ሕፃን ላይ ስናሳርፈው ግን ወዲያው ይደናቀፋል። ማንኛውም የአምስት ዓመት ሕፃን ገና ሳይመረመር በዕድሜው ብቻ አንድ የመጥፎ ውጤት ምልክት ተቆጥሮበታል። አንጎሉ ያልታወከ ሕፃን ደግሞ በሦስተኛው ጥያቄ ሊለካ አይችልም።

በ1999 የተጀመረው የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ዘገባ መመዘኛውን በራሱ መዝገብ ባሉ፣ ሕመማቸው ከፓራሲታሞል ባልመጣ ሕፃናት ላይ ፈተነው። መመዘኛው ከሚሞቱት 61 በመቶውን አስቀድሞ ለየ፤ ከሚተርፉት መካከል ደግሞ 70 በመቶውን «ይተርፋሉ» ብሎ በትክክል መደበ። እነዚህ ቁጥሮች ላይ ላዩን ሲታዩ መካከለኛ ይመስላሉ። በተግባር ምን ማለት እንደሆኑ ለመረዳት ወረቀትና እርሳስ እናንሣ።

ያለ ንቅለ ተከላ ከ100 ሕፃናት 20ው ይሞታሉ፣ 80ው ይተርፋሉ እንበል። መመዘኛው ከ20ዎቹ 61 በመቶውን፣ ማለትም 12 ያህሉን ይይዛል። ከ80ዎቹ ደግሞ 30 በመቶውን፣ ማለትም 24ቱን፣ በስሕተት «ይሞታሉ» ይላቸዋል። እንግዲህ መመዘኛው በጠቅላላው በ36 ሕፃናት ላይ የሞት ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል፤ ከእነዚህ በእርግጥ የሚሞቱት 12ቱ ብቻ ናቸው። ከሦስት ማስጠንቀቂያ ሁለቱ ሐሰት ነው። የጥናቱ ውጤትም ይኸው ነበር፤ ማስጠንቀቂያው እውነት የሆነው በ33 በመቶው ላይ ብቻ ነው። በመጀመሪያው የለንደን ጥናት ግን ይህ ቁጥር ከ90 በመቶ በላይ ነበር።

ልዩነቱ ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት ከስሌታችን ራሱ ይታያል። ከ100ዎቹ 80ው የሚሞቱ ቢሆን ኖሮ በዚያው መመዘኛ 49ኙ በትክክል፣ 6ቱ በስሕተት ማስጠንቀቂያ ይደርሳቸው ነበር፤ ከ10 ማስጠንቀቂያም 9ኙ እውነት ይሆን ነበር። የመመዘኛው ጥራት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚለካው ሕዝብ ነው። የጽኑ ሕሙማን እንክብካቤ ተሻሽሎ ብዙ ሕፃናት መትረፍ ሲጀምሩ የድሮ መመዘኛ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ዋጋው ይወርዳል። የስታቲስቲክስ ተማሪ ይህን በቤይዝ ቀመር ያውቀዋል፤ እዚህ ላይ ግን ከቀመሩ በስተጀርባ ያለው ጉበቱ ሊወጣ የተወሰነበት ሕፃን ነው።

የምንተነብየው ምንን ነው?

ለሕፃናት ብቻ የተሠራ መመዘኛም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የዴንቨር ተመራማሪዎች ሦስት ቁጥሮችን ብቻ የሚጠቀም ቀመር አቀረቡ። በሕመሙ ወቅት የታየው ከፍተኛው ቢሊሩቢን በ3.507፣ ከፍተኛው አይ.ኤን.አር. በ45.51፣ ከፍተኛው አሞኒያ ደግሞ በ0.254 ተባዝተው ይደመራሉ። ድምሩ በጨመረ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። ቀመሩ ቀላልና ግልጽ ነው። የአይ.ኤን.አር. በአንድ መጨመር የቢሊሩቢን በዴሲሊትር 13 ሚሊግራም ከመጨመር ጋር እኩል የሚመዝን መሆኑም የደም መርጋት ምን ያህል ክብደት እንደተሰጠው ያሳያል።

ሁለት ችግሮች ግን ቀሩ። የመጀመሪያው «ከፍተኛው» በሚለው ቃል ውስጥ ተደብቋል። የአንድ ቁጥር ጫፍ የሚታወቀው ቁጥሩ መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው። ተራራ የሚወጣ ሰው በጉም ውስጥ ሆኖ የቆመበት ቦታ ጫፉ ይሁን አይሁን አያውቅም። ሐኪሙም ዛሬ ያየው 3.8 ጫፉ ይሁን ወይስ ነገ 6 ይመጣ እንደሆነ ሳያውቅ ነው የሚወስነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ተገንዝበው በኋላ ሕፃኑ ሆስፒታል ሲገባ በተለካው ቁጥርም ቀመሩን ፈትነውታል።

ሁለተኛው ችግር ሥር የሰደደ ነው። ቀመሩ ሲሠራ መጥፎ ውጤት ተብሎ የተቆጠረው ሞት ብቻ አልነበረም፤ ንቅለ ተከላም ጭምር ነበር። ይህ ለምን አስፈለገ? ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሕፃን በራሱ ጉበት ይሞት ወይም ይድን እንደነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም። ጉበቱ ወጥቷል፤ ታሪኩም እዚያው ተቋርጧል። ከመዝገቡ ቢወጣ ከሁሉ የጠናባቸው ሕፃናት ይቀራሉ። ከሟቾች ጋር ቢደመር ደግሞ ሊድኑ የነበሩ ሕፃናት እንደ ሞቱ ይቆጠራሉ።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ልብ እንበል። ሐኪሞች ለንቅለ ተከላ የሚወስኑት በአብዛኛው አይ.ኤን.አር.፣ ቢሊሩቢንና የአንጎልን ሁኔታ አይተው ነው። በእነዚሁ ቁጥሮች የተሠራ ቀመር ንቅለ ተከላን በሚገባ ቢተነብይ ምን ተነበየ ይባላል? ከፊሉ የተነበየው የሐኪሞቹን ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በብዙ አገሮች ሕፃናት ላይ የተደረገው ፍተሻ ቀመሩ ንቅለ ተከላን የሚተነብየው ሞትን ከሚተነብየው በተሻለ ሁኔታ መሆኑን አሳይቷል፤ ውጤቱ ከዚህ ጥርጣሬ ጋር ይስማማል። በእኔ አስተያየት በዚህ ዘርፍ ከሚወጡ ጥናቶች አንባቢው መጀመሪያ ሊፈልገው የሚገባው ነገር የቀመሩ ርዝመት ወይም የኮምፒዩተሩ ብርታት አይደለም፤ «መጥፎ ውጤት» ተብሎ የተቆጠረው ምን እንደሆነ ነው።

ስሙን ማወቅ

አሁን ቀደም ብለን ወዳስቀመጥነው ነጥብ እንመለስ። ይህ ሕመም የብዙ በሽታዎች መገናኛ ከሆነ አንድ ቁጥር ለሁሉም እንዴት ሊተነብይ ይችላል? እ.ኤ.አ. በ2006 የጥናት ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን 348 ሕፃናት ውጤት ሲያወጣ ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ታየ። ፓራሲታሞል ከጎዳቸው ሕፃናት 94 በመቶው በሦስት ሳምንት ውስጥ በራሳቸው ጉበት ተርፈዋል። መንስኤው ካልታወቀላቸው ግን በራሳቸው ጉበት የተረፉት 43 በመቶው ብቻ ነበሩ። ሁለት ሕፃናት አንድ ዓይነት አይ.ኤን.አር. ይዘው ቢመጡ መንስኤው የዕድላቸውን ግማሽ ይወስናል ማለት ነው። የፓራሲታሞል ጉዳት ለአንድ ጊዜ ደርሶ የሚያበቃ ነው፤ መርዙ ከሰውነት ከወጣ በኋላ የተረፉት ሕዋሳት መባዛት ይጀምራሉ። በሌሎቹ በሽታዎች ጥቃቱ ይቀጥላል፤ አዲስ የበቀለው ሕዋስም ይመታል።

የዊልሰን በሽታ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኪንግስ ኮሌጅ ሐኪሞች ለዚህ በሽታ ብቻ የሚሆን መመዘኛ አሻሽለው አወጡ። አምስት የደም ምርመራዎች እያንዳንዳቸው እስከ 4 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ከ20 ነጥብ 11ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሕፃን ያለ ንቅለ ተከላ የመትረፍ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። ይህ መመዘኛ ከአጠቃላዮቹ የተሻለ አስተማማኝነት አሳይቷል። ሒሳቡ ከሌሎቹ የረቀቀ ስለሆነ አይደለም። የሚጠየቀው ስለ አንድ በሽታ ብቻ ስለሆነ ነው።

ከዚህም አልፎ መንስኤውን ማወቅ ውጤቱን ራሱ ይለውጣል። የእናት ፀረ እንግዳ አካላት የፅንሱን ጉበት የሚያጠቁበት በሽታ ከዚህ በፊት የብረት ክምችት በሽታ ተደርጎ ይታሰብ ነበር፤ በመድኃኒት ብቻ ከሚታከሙት አራሶች በራሳቸው ጉበት የሚተርፉት 17 በመቶ ያህሉ ነበሩ። የአሜሪካው ሐኪም ፒተር ዋይቲንግተንና ባልደረቦቻቸው እውነተኛው መንስኤ ፀረ እንግዳ አካል መሆኑን ከተረዱ በኋላ ደም በመቀየርና ጤነኛ ፀረ እንግዳ አካላትን በደም ሥር በመስጠት 16 አራሶችን አከሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ዘገባ 75 በመቶው ያለ ንቅለ ተከላ ተርፈዋል። የ17 በመቶው ትንበያ ስሕተት አልነበረም፤ በሽታው በስሙ ካልተጠራበት ዘመን የመጣ ነበር። በተቃራኒው ደግሞ ሚቶኮንድሪያን የሚያጠቁ አንዳንድ የዘር በሽታዎች አሉ። በእነዚህ ላይ አዲስ ጉበት ቢተከልም አንጎሉ መጎዳቱን ስለሚቀጥል ንቅለ ተከላው ሕፃኑን ላያድነው ይችላል።

የጥናት ቡድኑ በመጨረሻው ምዕራፉ ሐኪሞች እንደ ሕፃኑ ዕድሜ ሊያደርጓቸው የሚገቡ ምርመራዎችን ዝርዝር አውጥቶ በየሆስፒታሉ እንዲሠራበት አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ዘገባ መሠረት መንስኤያቸው ያልታወቀ ሕፃናት ድርሻ ከ48 በመቶ ወደ 31 በመቶ ገደማ ወረደ። በዚያው ጊዜ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሕፃናት ከሦስተኛ እጅ ገደማ ወደ አምስተኛ እጅ ሲወርዱ የሞቱት ቁጥር አልጨመረም። የዘገባው አሠራር ብቻውን ምክንያትና ውጤትን ለማረጋገጥ አይበቃም፤ በመሃል ሌላም ነገር ተሻሽሎ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ቀድሞ ጉበታቸው ከወጣ ሕፃናት መካከል በራሳቸው ጉበት ሊድኑ የሚችሉ ነበሩ ብሎ ለመጠርጠር በቂ መነሻ ይሰጣል።

መንስኤን ሳይለዩ ማከም የሚያስከትለውን አደጋ ያሳየ ሌላ ጥናትም አለ። ኤን-አሴቲልሲስቲን የተባለው መድኃኒት ለፓራሲታሞል መመረዝ ፍቱን ነው። ታዲያ ለሌሎቹ መንስኤዎችስ ለምን አይሰጥም ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ የታተመው ሙከራ ሕመማቸው ከፓራሲታሞል ያልመጣ 184 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን መድኃኒቱን፣ ለሌላው ማስመሰያ ሰጠ። ከአንድ ዓመት በኋላ በራሳቸው ጉበት የተረፉት መድኃኒቱን ካገኙት 35 በመቶ፣ ማስመሰያ ካገኙት ግን 53 በመቶ ነበሩ። በተለይ ከሁለት ዓመት በታች ባሉት ላይ ልዩነቱ የከፋ ነበር። ጉዳት የለውም ተብሎ ይሰጥ የነበረ መድኃኒት ለእነዚህ ሕፃናት አልጠቀመም።

ያልታወቀ ማለት ግን ለዘላለም የማይታወቅ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የጸደይ ወራት በብሪታንያ፣ ቀጥሎም በሌሎች አገሮች፣ ጤነኛ የነበሩ ትናንሽ ሕፃናት በማይታወቅ የጉበት ብግነት ታመሙ። የዓለም ጤና ድርጅት እስከዚያው ዓመት ሐምሌ መጀመሪያ ድረስ ከ35 አገሮች ከ1,000 በላይ ተጠርጣሪ ሕሙማን፣ 22 ሞትና 46 ንቅለ ተከላ መዝግቧል። በዓመቱ የብሪታንያ ተመራማሪዎች በብዙዎቹ ሕፃናት ደምና ጉበት ውስጥ ኤ.ኤ.ቪ.2 የተባለ፣ ከዚያ በፊት ምንም በሽታ አያመጣም ይባል የነበረ ቫይረስ በብዛት እንዳገኙ ዘገቡ።

ሁለቱንም ማቆየት

የአንድ ቀን ቁጥር ብቻውን ብዙ ስለማይነግር አሁን የተመራማሪዎች ትኩረት ቁጥሮቹ በየቀኑ ወደሚሄዱበት አቅጣጫ አዘንብሏል። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት አይ.ኤን.አር.፣ ቢሊሩቢንና የአንጎል ሁኔታ አብረው ሲሻሻሉ፣ ባሉበት ሲቆዩ ወይም አብረው ሲከፉ የሚታየው መስመር ከአንድ ነጠላ ልኬት ይልቅ ይታመናል። እዚህም ግን መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል። መስመሩ ግልጽ እስኪሆን የሚያልፉት ቀናት ለጋሽ ሊገኝባቸው ይችሉ የነበሩ ቀናት ናቸው። ንቅለ ተከላ በማይገኝበት ሆስፒታል ደግሞ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል፤ ሕፃኑን ወደ ሌላ ቦታ ለመላክ ጊዜው መቼ ነው? አንጎሉ ካበጠ በኋላ መንገዱ ራሱ ይገድለዋል።

የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች በበኩላቸው ትንበያው እስኪሻሻል አልጠበቁም። የኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታልን ጨምሮ በጥቂት ማዕከሎች በተመረጡ ሕፃናት ላይ የሚሠራ አንድ ዘዴ አለ። ከሕፃኑ ጉበት ከፊሉ ብቻ ይወጣና በቦታው የለጋሽ ጉበት ቁራጭ ይተከላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ። የተተከለው ቁራጭ ሕፃኑን ሲያቆየው የራሱ ጉበት ጊዜ ያገኛል። ዘዴው ለሁሉም አይሆንም፤ ቀዶ ሕክምናው ከተለመደው ይበልጥ የተወሳሰበ ሲሆን አንጎሉ ክፉኛ ላበጠ ሕፃን፣ ወይም በሽታው ጉበቱን ማጥቃቱን ለሚቀጥልበት፣ አይመከርም። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በምስልና በናሙና ምርመራ የሕፃኑ የራሱ ጉበት ማደጉ ከታየ ሐኪሞቹ የመከላከያ አቅሙን የሚያዳክሙትን መድኃኒቶች ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ። በመጨረሻም ያቆማሉ። ያን ጊዜ ሰውነቱ የተተከለውን ቁራጭ አይቀበለውም፤ ቁራጩ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ይሄዳል፤ ሕፃኑም አብሮት በተወለደው ጉበት ይኖራል።